የለመደ ወንዝ

ልጅ ሳለሁ፣ አቃቂ ከባቡር ሐዲዱ ጎን ስንኖር፣ አመሻሽ ላይ ጎረቤታችን አባባ ዘለቀ ተረት ያወሩልን ነበር። ሐዲድ ጠባቂ ነበሩ። እኔ ፊደል ቆጥሬ ብዙም ሳልርቅ ትምህርቱን ስለተውኩ፣ የማውቀውን ያወቅኩት እሳቸው ምድጃ ዳር ነው፤ ዲግሪ የጫነም ይበልጠኛል ብዬ አላምንም። ያኔ ኩራዙ ጥላችንን ግድግዳው ላይ እያንቀጠቀጠ፣ ጭሱ ዓይናችንን እየለበለበ፣ ፍሙ አመድ እስኪለብስ ድረስ ቁጭ እንል ነበር።

አንድ ደንብ ነበራቸው። ተረቱ ሳይጀመር ለያንዳንዳችን አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ይሰጡናል። ይደገመኝ ያለ ልጅ የተረቱን መጨረሻ ሳይሰማ ይወጣል።

«ይቺን እፍኝ ለመስጠት መሬቷ ምን ያህል እንደደከመች አታውቁም» ይሉን ነበር።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ የለመደው ወንዝ ተረት ነው። አንዲት ባለጸጋ ለእንግዳ ከሚበላው በላይ እየከመረች የተረፈውን ወደ ወንዝ ትደፋለች። ለዚያ ሁሉ ድግስ ዳገቱን አስመነጠረች፣ ግጦሹንም አሳረሰች። ወንዙም መብላት ለመደ።

ያን ተረት ባወሩልን ማታ ታናሽ እህቴ ብርቄ እዚህ ላይ እጇን ዘረጋች። «አባባ፣ ይድገሙኝ።»

«በይ ተነሺ፣ ልጄ» አሏት፣ ሳይቆጡ።

እያለቀሰች ወጣች። እኔ መጨረሻውን ሰማሁ። ዳገቱ ተራቁቶ ዝናቡን የሚይዝ ጠፋ፤ ሴትየዋ የምትደፋው ያጣች ቀን ወንዙ ድርሻውን ፍለጋ ራሱ ወጣ፤ በሯን አልፎ እስከ መኝታዋ። ቤት ስገባ ብርቄ ንገሪኝ ብላ ለመነችኝ። «ለሆዳም አይነገርም» አልኳት። ኩራት የቤተሰባችን ነውና፣ ዳግመኛ አልጠየቀችኝም።

አሁን ሁለታችንም አርጅተናል። ብርቄ የአቃቂ ወንዝ አፋፍ ላይ ቤት ሠርታ ትደግሳለች። ሰሃን ላይ ተራራ ታቆማለች፣ በሞቴ እያለች ታጎርሳለች፣ የተረፈውን በጓሮ በኩል ወደ ወንዙ ትደፋለች። በደጇ ደግሞ ለእስረኛ ልጆቻቸው ስንቅ የያዙ እናቶች ጦማቸውን ያልፋሉ። እናቶቹ የሚሄዱበት ቂሊንጦ ያኔ የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበር፤ ዛሬ ፋብሪካና እስር ቤት ነው። የምንበላው ከሩቅ ይመጣል፣ የሌላ ሰው ዳገት ተመንጥሮ።

«የምትደፊው የማን ዳገት እንደሆነ ታውቂያለሽ?» እላታለሁ።

«ደግሞ ጀመረሽ። እንግዳ ተርቦ ይውጣልሽ?»

«ጠግቦ ይውጣ። እየተነፈሰ ግን ይውጣ።»

አምና ክረምት ውሃው አጥሯን ወሰደ። ዘንድሮ ሐምሌ የልጅ ልጇን ክርስትና ደግሳ ጠራችኝ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ሰሃኔን እንደልማዷ ከመረችው፤ ግማሹን መለስኩ። በሞቴ አላለችም። እንግዳው ሲበተን የትርፍራፊው ጎድጓዳ ሳህን በሩ ሥር ቁጭ እንዳለ ቀረ፤ የሚደፋበት ጓሮ አልነበረም። ከጓዳው በር ማዶ ቡናማው ውሃ ያጓራል።

ብርቄ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። እጇን እንደዚያን ጊዜ ዘርግታ ጉልበቴን ያዘችኝ።

«እትዬ፣ የዚያ ወንዝ መጨረሻው ምን ነበር?»

ምላሴን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ለማንም ተሳስሮ አያውቅም። ያን ቀን ግን ተረቱን ትቼ ተነሳሁ፣ የጓዳውንም በር ዘጋሁ።

«ልብስሽን ሰብስቢ» አልኳት። «እኔ ዘንድ ታድሪያለሽ።»