ጃርቱ ዝይዋን ምን አላት?

ጅቡቲ፣ ሆዳን በሚባለው ሰፈር የተከራየሁት ክፍል ከጓሮ በኩል ነው። በአገራችን ክረምት በሚባሉት ወራት እዚህ እሳት ስለሚሆን ከምሳ በኋላ ሰው አያስቀምጥም። ማቀዝቀዣ ያለው በአከራዬ ሳሎን ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን መብራት ውድ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ አይከፈትም። በገባሁበት ዓመት አንድ ቀን አከራዬ በሬን ደበደቡት።

«አንቺ! እዚያ ተጠብሰሽ ልትሞችብኝ ነው? ውጪ!»

አከራዬ ሶማሌ ናቸው፤ ባላቸው ሞተዋል፤ አንዲት ልጃቸው ፈረንሳይ ነው የምትኖረው። ልጅነታቸውን ድሬዳዋ ስላሳለፉ አማርኛቸው አንቱታ አያውቅም። እኔ ደግሞ አንቱታውን መተው አልቻልኩም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከምሳ በኋላ፣ ከተማው ጫቱን ይዞ በር ሲዘጋ፣ እኛ ሁለታችን ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን በፈረንሳይኛ የሚተላለፍ የካርቱን ተከታታይ እናይ ነበር። አንዲት ዝይ ወንዝ ዳር የጀልባ መጠገኛ አላት። አንድ ጃርት በየቀኑ ይመጣል፣ ያወራታል፣ ይሄዳል። በቃ ይኸው ነው።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ፣ በማታ ክፍል፣ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር ነው። ፈረንሳይኛን ያወቅሁት ደግሞ ወደብ አጠገብ ባለ የትራንዚት ቢሮ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚጫነውን ዕቃ ወረቀት ስሞላ ነው። ሳነበው ይገባኛል፤ ሲነገር ግን ያመልጠኝ ነበር። ስለዚህ የሚተረጉሙት አከራዬ ነበሩ። ይህን ያህል ዘመን እዚህ የኖረ ሰው ፈረንሳይኛ አያውቅም ብዬ በምን ልጠርጥር?

«ልጇ ነው» አሉኝ መጀመሪያ ቀን። «ባሕር ተሻግሮ ሄዶ ነበር። ይኸው ተመለሰ።»

«ዝይ ጃርት ትወልዳለች?»

«አንቺ ደግሞ! የእኔዋስ እኔን ትመስላለች?»

ቢሮ በዕረፍት ሰዓት ይህንኑ ካርቱን በስልኬ ሳይ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ ደረሰብኝ።

«እህቴ፣ ይሄ ለልጆችሽ ነው?»

«ልጅ የለኝም። እኔ ነኝ የማየው።»

«ኧረ በጌታ! ፊልም ጠፍቶ ነው?»

ዛሬ ቢጠይቀኝ መልስ አለኝ። ሰዎች በሚሠሩበት፣ ወደ ሌላ ቋንቋ በተመለሰ ፊልም ላይ ከንፈሩ ሌላ ይላል፣ ድምፁ ሌላ ይላል፤ ያ ልዩነት ሁልጊዜ ያውከኛል። የተሳለ አፍ ግን የማንም ቋንቋ አይደለም፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል። አራት ቋንቋ በሚወራበት ከተማ፣ በሦስቱ እንግዳ ሆኜ ስውል፣ ዝይዋ በየትኛውም ቋንቋ ቢያናግሯት የቤቱ ልጅ ነበረች። የአከራዬም ታሪክ አፏ ላይ ልክ ይገባ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ጆሮዬ ተከፈተ። ጃርቱ ልጇ አልነበረም። ጎረቤት ነው፤ የሚመጣው ዕቃ ሊዋስ ነው። ወረቀት ላይ ነጥብ ስትጎድል የማልታገሥ ሴት ይህን ሳውቅ አላረምኳቸውም፤ የእሳቸውን ታሪክ እሰማ ነበርና።

ከዚያ ልጃቸው የላከችላቸው የፈረንሳይ ቲኬት መጣ።

«ሄጄ ምን እሆናለሁ? የሰው ቤት ነው» ይሉኛል።

«የልጅዎ ቤት ነው እንጂ» እላለሁ። በልቤ ግን እንዲቀሩ እለምን ነበር። በዚህ ከተማ ከእሳቸው ሌላ በሬን የሚያንኳኳ ሰው አልነበረኝም።

በዚያው ሳምንት ጃርቱ ከበሩ ዞር ብሎ ዝይዋን አንድ ነገር አላት። መዶሻዋን አስቀምጣ በዓይኗ ሸኘችው። አከራዬ ድምፁን አጠፉና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ። እውነቱን ንገሪኝ፤ ምን አላት?»

መስማት የፈለጉትን አውቄዋለሁ። «እማዬ፣ የትም አትሂጂ፣ ነገ እመጣለሁ» ብሏታል ብል ይቀሩ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያ አምናለሁ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር።

«መፍቻውን ነገ እመልስልሻለሁ ነው ያላት።»

«መፍቻ?»

«መፍቻ። ጎረቤት ነው፣ እትዬ። ሁልጊዜ የሚመጣው ዕቃ ሊዋስ ነው።»

ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ስበው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ይህን እያወቅሽ ነው ስትሰሚኝ የነበረው? አንቺ ተንኮለኛ!» ዓይናቸውን ጠረጉ። «እንግዲያ የሚመጣ የለማ። እኔው ልሂድ።»

ሙቀቱ ሳይበርድ ሄዱ። ቤቱን የተረከቡት ዘመዶቻቸው ደጎች ናቸው፤ ሳሎኑ ግን ከምሳ በኋላ የወንዶች መቃሚያ ሆነ። እኔ ክፍሌ ውስጥ እርጥብ ፎጣ አንገቴ ላይ አድርጌ በስልኬ አያለሁ። አሁን አንዲት ቃል አታመልጠኝም። ዝይዋ ያንኑ ሽርጥ ለብሳለች፤ አታረጅም፤ የሚጠብቃት አውሮፕላን የለም።

አንድ ጊዜ አከራዬ ከፈረንሳይ ደወሉ። «እዚህ ልጆቹ የሚያዩት ሌላ ነው» አሉኝ። «ጃርቱ መጣ?»

«መጣ፣ እትዬ።»

«ዛሬስ ምን ወሰደ?»

«መጋዝ።»

«ሌባ!»

ከኋላቸው የሳህን ድምፅና የልጆች ጫጫታ ይሰማል። ልጃቸው ለምሳ ጠራቻቸው። በሶማልኛ «መጣሁ» አሏት፤ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።