በእህቴ አፍ የሰማሁት ሕመም

መጀመሪያ ያበጠው እግሬ ነው። በኢንዱስትሪ ቀጠናው ዕቃ በምናሽግበት ፋብሪካ ቀኑን ሙሉ ቆመን ስለምንውል፣ ማበጡን ከመቆም ቆጠርኩት። ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣም ጫማዬ እምቢ ሲለኝ፣ ሽንቴም እንደ ሳሙና አረፋ ሲያወጣ፣ ለታናሽ እህቴ ለአድና ነገርኳት።

አድና ወደ እስራኤል በልጅነቷ ስለመጣች ዕብራይስጡን እንደ ውሃ ትጠጣዋለች። የእኔ ከሰላምታ አላለፈም። ከምትኖርበት ከካርሜ ጋት ሰፈር በአውቶቡስ መጥታ ኩፓት ሆሊም ወደሚባለው ክሊኒክ፣ አንዲት ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ብዙ ተናገረች። እህቴ አሳጥራ፣ "እታለም፣ ድካም ነው። ጨው ቀንሺ፣ ይሄን ኪኒን ዋጪ ብላለች" አለችኝ። አመንኳት። እህቴን ያላመንኩ ማንን ላምን?

ዓመት ያህል እንደ እናት ያዘችኝ። ከሥራ ስትወጣ እኔ ቤት ነች። እግሬን ለብ ባለ ውሃ ታጥብልኝ ነበር። ሕፃን ሆና በጀርባዬ አዝያታለሁና ውለታዬን መለሰች ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ድካም ነው ስለተባልኩም ሥራዬን አልተውኩም።

አንድ ቀን የአድና ልጅ ታሞ ብቻዬን ወደ ሐኪሟ ሄድኩ። ሐኪሟ በስልክ አማርኛ አስተርጓሚ አገናኘችኝ።

"እናቴ፣ ኩላሊትዎ ሥራ ሊያቆም ነው ይላሉ ሐኪሟ። ለዲያሊሲስ፣ ደምዎን በማሽን ለማጠብ፣ ይዘጋጁ። ይህን ከዓመት በፊት ነግሬዎት ነበር ይላሉ።"

ስልኩን መለስኩ። ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ አድናን አፋጠጥኳት። አልካደችም። "ለታመመ ሰው ክፉ ይነገራል እንዴ? እማዬስ ለአባዬ ነገረችው?" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለበሽተኛ አይነገርም፤ አባታችን ምን እንደገደለው ሳያውቅ ነው የሞተው። ግን እሱ ጎንደር ገጠር ነበር፤ ቢነግሩትስ ምን ሊያደርግ? እኔ ባውቅ ኖሮ ሥራ ቀይሬ፣ ምግቤን ጠብቄ፣ ኩላሊቴን ትንሽ አቆየው ነበር። ተናደድኩ። እስካሁንም እናደዳለሁ።

ዲያሊሲስ ጀመርኩ። መርፌው ወፍራም ነው። ደሜ ወጥቶ ሲመለስ ይበርደኛል። አድና አልቅሳ፣ "የእኔን ኩላሊት እሰጥሻለሁ" አለች። ተመረመረች። ከዚያ፣ "አልገጠመም" አለችኝ። ዓይኔን አላየችም። ሐኪሟን በአስተርጓሚዋ በኩል ጠየቅኋት። "የሰጪን ጉዳይ ለታካሚ መናገር አይፈቀድልኝም" አለች።

ከዚያ ወዲህ የአድና እግር አጠረ። መጀመሪያ ሥራ በዛብኝ አለች፣ ቀጥላ ልጆቹን አነሣች፣ ኋላማ ምክንያት ማቅረቡንም ተወችው።

የኋላ ኋላ ኩላሊት ያገኘሁት ከማላውቀው ሟች ነው። ቤተሰቦቹ በዚያ በጨለማ ቀናቸው "ይሰጥ" በማለታቸው፣ ዛሬ ጫማዬን ያለ ትግል አጥልቄ፣ እስከ ገበያው በእግሬ ወርጄ፣ ጎመንና ሎሚ ገዝቼ፣ ጎረቤት ሰላም እያልኩ እመለሳለሁ። እግዚአብሔር ያጽናናቸው።

እናንተ አሁን በዚህ መንገድ ያላችሁ፣ ሐኪም ዘንድ ስትገቡ ከሚወዳችሁ ሰው ሌላ አስተርጓሚ ጠይቁ። የሚወዳችሁ ሰው ፍርሃቱን ቀላቅሎ ነው የሚነግራችሁ። እህታችሁ አብራችሁ ትቀመጥ፤ ወሬውን ግን ባዕድ ይንገራችሁ።

እግሬን ላጠበችልኝ አድናም ምስጋና አለኝ፤ ይህን አልክድም። "አልገጠመም" ያለችው እውነት ይሁን አይሁን ግን መቼም አላውቅም።

ዓርብ ዓርብ ሰንበት ሳይገባ ትደውላለች። "እታለም፣ ደህና ነሽ?" ትለኛለች። ባለፈው ሳምንት በደም ምርመራ የኩላሊቴን ሁኔታ የሚያሳየው ክሬቲኒኔ ከፍ ብሎ፣ ሐኪሞቹ ለሌላ ምርመራ ቀጥረውኝ ነበር።

"ደህና ነኝ" አልኳት።

"እሰይ" ብላ ዘጋችው።