የወህኒ ጠባቂውን ያስጨነቀ ጾም

ኢዲባል ወደ አንድ መንደር ሲመጣ ከእሱ ቀድሞ የሚደርሰው ሽታው ነበር። ምን ያድርግ፣ ሥራው ነው። ዓሣ በጨው ታሽቶ ጋን ውስጥ ፀሐይ ላይ ሲከርም የሚወጣውን ማባያ በአህያ ጭኖ፣ ከባሕሩ ዳር እስከ ወይራው አገር እየዞረ የሚሸጥ ሰው ጽጌረዳ ጽጌረዳ ሊሸት አይችልም። ማባያው ገንፎ ላይ ጠብ ሲል እጅ ያስቆረጥማል፤ ጋኑ ሲከፈት ግን አፍንጫ ያስይዛል። ሴቶቹ ገና አህያው ኮረብታውን ሳይወጣ "ኢዲባል መጣ፤ የታጠበውን ልብስ አንሱት" ይባባሉ ነበር። እሱ አይቀየምም። ይስቃል፤ ሲስቅ ደግሞ ትከሻው ሁሉ ይነቀነቃል።

ማባያውን እየለካ ያወራል። ወሬው አንድ ነው፤ ስለ ክርስቶስ። የሚያወራውም ወይራ ለቃሚው በሚገባው በአገሬው ቋንቋ፣ በቀልድ እያዋዛ ነው። የትልቂቱ ከተማ የቀርጣግና ክርስቲያኖች ይህን አይተው እጃቸውን ጫኑበትና እያስተማርክ አጥምቅ ብለው ላኩት። ከመንደሮቹ ሁሉ ልቡን የወሰደችው ቱባራ ነች፤ የወይራ ጨማቂዎች መንደር። ሰዎቿን በትዕግሥት ለዓመታት አስተምሮ በስተመጨረሻ "በዚህ ፋሲካ አጠምቃችኋለሁ" ብሎ ቃል ሰጣቸው። ያን ቃል ከሰጠ ወዲህ እንደ ልጅ ቀን የሚቆጥረው እሱ ራሱ ነበር።

የተያዘው በጉንፋን ምክንያት ነው። ቀልድ አይደለም። በቄሣር የልደት ቀን ገበያ የሚገባ ነጋዴ ሁሉ ከመሠዊያው ፊት ቆሞ አንድ ቁንጥር ዕጣን እሳቱ ላይ መጣል አለበት። ኢዲባል አይጥልም። እስከዚያ ድረስ ያዳነው ማባያው ነበር፤ የመሠዊያው አሳላፊ ገና ከሩቅ አፍንጫውን ይዞ "አንተ ሂድ፣ እለፍ፣ እለፍ" እያለ ያባርረዋል። በዚያ ዓመት ግን አዲሱ አሳላፊ ብርቱ ጉንፋን ይዞት ምንም አይሸተውም። ኢዲባልን እንደ ማንም ሰው አስቆመና ዕጣኑን ዘረጋለት።

"ቆንጥረህ ጣል" አለው።

ኢዲባል ዕጣኑን አየው። እውነቱን እንናገር፣ ፈርቶ ነበር። ከኋላው የቆሙት ሰዎች ፀሐዩ አናታቸውን እየበላው "ምን ይገትረዋል ይሄ ሰውዬ" እያሉ ያጉረመርማሉ። "እኔ ጌታ አለኝ። ለሌላ አላጥንም" አለ። ይህን ብሎ ዝም ማለት ይችል ነበር፤ አፉ ግን አርፎ አያውቅም። "ለጉንፋንህ ትኩስ የምስር ሾርባ ጠጣበት" ብሎ ጨመረ።

ማታውኑ እግር ብረት ገባለት።

የወህኒው ጠባቂ ባሪክ ይባላል፤ ድምፁ ትልቅ፣ ልቡ ፈሪ የሆነ ሰው ነው። ቤቱ ከወህኒው ጋር በአንድ ግድግዳ ተያይዞ፣ በመሐል የጋራ ግቢ አለ። በግቢው ውስጥ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ሰፊ ገንዳ ነበር፤ ሚስቱ ናምጊዳ ልብስ የምታጥበው እዚያ ነው። እስረኛ የሚበላው ዘመድ ያመጣለትን ነው። ዘመድ የሌለው የባሪክን ደረቅ ዳቦ እየቆረጠመ ቀኑን ይገፋል። ለኢዲባል ግን በመጀመሪያው ቀን ገንፎ መጣ፣ ወይራ መጣ፣ በለስ መጣ። አንዲት ሴት "እህቱ ነኝ" ትላለች፤ ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ "ወንድሙ ነኝ" ይላል።

"እናትህ ስንት ነው የወለደችው?" አለ ባሪክ።

"ገና አልጨረሰችም" አለ ኢዲባል።

ረቡዕ ዕለት ታዲያ ምግቡ ተደርድሮ አልነካውም። አጠገቡ የታሰረው አህያ ሌባው ጋውዳ፣ ዘመዶቹ በሙሉ ፊት የነሱት ሰው፣ ዓይኑ ገንፎው ላይ ተተክሎ ቀረ። ኢዲባል ሳህኑን ገፋ አደረገለት። ባሪክ ይህን ሲያይ ደነገጠ። የመደንገጡ ምክንያት ግልጽ ነው፤ እስረኛ አገረ ገዢው ሳይፈርድበት ቢሞት የሚጠየቀው ጠባቂው ነው።

"ለምን አትበላም? አመመህ?"

"ረቡዕና ዓርብ እንጾማለን። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እበላለሁ።"

እንዳለውም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከጋውዳ የተረፈውን ጠራርጎ በላ። ባሪክ እፎይ አለ። ከዚያ ወዲያ ለመደው፤ ጋውዳም ረቡዕና ዓርብን እንደ በዓል መጠበቅ ጀመረ።

ኢዲባል በቀን ይቀልዳል፤ ሲመሽ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ቱባራ ናት የምታስጨንቀው። ፋሲካ ደርሷል፤ አገረ ገዢውም በየትኛውም ቀን ሊገባ ይችላል። ከገባ ፍርዱ የታወቀ ነው፤ ያኔ እነዚያን ሰዎች ማን ያጠምቃቸዋል? ሰው ብርቱ ነገር ጠብቆ ጠብቆ ሲቀርበት ወደ ድሮው ይመለሳል። ባሪክ ይህን ጭንቀት አሸተተና በቀስታ መጣ። "አንተ ሰውዬ፣ አንዲት ቁንጥር ነች። ጣልና ነገ መንደርህ ግባ። ማን ያይሃል?"

ኢዲባል ፊቱን ከግድግዳው መለሰ። በጣም ፈልጎት ነበር፤ መንገዱ፣ ኮረብታው፣ ልብስ የሚያነሡት ሴቶች በዓይኑ ዞሩ። "ባሪክ፣ ዕድሜ ልኬን ማባያ ሸጫለሁ" አለ። "አንድ ጋን ውስጥ የበሰበሰ ነገር ጠብ ካለ ጋኑ በሙሉ ይደፋል። ዕጣኑን ጥዬ ብሄድ ለቱባራ ሰዎች ምን ይዤ ልግባ?" ባሪክ እግር ብረቱን ፈትሾ ሄደ።

ከፋሲካ በፊት ያለው ዓርብ መጣ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ኢዲባል አልበላም። መሸ፤ አልበላም። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ናምጊዳ ራሷ ምስር በዘይት ሠርታ አመጣች። አልነካውም፤ ከንፈሩ ደርቋል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል።

"ዛሬ ረቡዕም ዓርብም አይደለም" አለ ባሪክ፤ ትልቁ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ።

"ይሄ ከሁሉ የበለጠው ጾም ነው፣ ወንድሜ። ነገ ዶሮ ሲጮህ እበላለሁ።"

"ራሱን በረሃብ ሊገድል ያሰበ ሰው ሁሉ ነገ እበላለሁ ይላል።"

"እውነቴን ነው።"

"ኧረ ተው፣ ልጆች አሉኝ። የሚመክርህ ዘመድ የለህም?"

ኢዲባል ሳያስበው "ቱባራ በሙሉ ዘመዴ ነው" አለ።

 በሕይወቱ ሮጦ የማያውቀው ወፍራሙ ባሪክ አህያ ላይ ወጣና ወደ ቱባራ ጋለበ። እዚያ ደርሶም ለመጀመሪያ ያገኛትን አሮጊት፣ እማማ ሲሶይን፣ "ሰውዬሽ ሊሞት ነው፤ ኑና አብሉት" አላት። እማማ ሲሶይ በመንደሩ ቃሏ የሚሰማ ሴት ነች። ነገሩ ወዲያው ገባት፤ ለባሪክ ግን አላስረዳችውም። ብታስረዳው ኖሮ አይሰማትም ነበር። "ሁላችንም እንመጣለን" አለችው ብቻ፤ ፊቷንም ወደ ሌላ አዞረች፣ ሳቋ እንዳይታወቅባት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የቱባራ ሰው ሕፃን ሽማግሌ ሳይቀር ድፎ ዳቦ፣ ዓይብ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ በማር የታሸ ገንፎ ተሸክሞ ወህኒው ግቢ ገባ። ባሪክ በሩን ቧ አድርጎ ከፈተላቸው። ምግቡን ደረደሩት። ከዚያም ዙሪያውን ተቀመጡና ማንም አልቀመሰም። ልጆቹ እንኳ እጃቸውን አጣጥፈው ዓሣውን ያያሉ።

"እናንተም?" አለ ባሪክ። ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። "ይሄ ምን ዓይነት ዘር ነው? እንዲያበሉት ጠራኋቸው፤ ይኸው አብረውት ይራባሉ።"

ኢዲባል ግን ባሪክን አይሰማም። ሰዎቹን አየ፤ ከዚያ ገንዳውን አየ። ዓመቱን ሙሉ የጓጓለት ቀን በራሱ እግር፣ በባሪክ አህያ እየተጎተተ ወህኒ ድረስ መጥቶለታል። ትከሻው መነቅነቅ ጀመረ። ሲስቅ እንባው ይወርዳል፤ ደስታው ደረቱን ሊያፈርሰው ደረሰ።

"ባሪክ፣ ዶሮ ሲጮህ በዚህ ገንዳ ልናጥባቸው ነው። ፍቀድልን።"

"ከዚያ በኋላ ትበላለህ?"

"እበላለሁ።"

"በእናትህ?"

"ሳህኑን እልስልሃለሁ።"

"እንግዲያው እንደ ልባችሁ ታጠቡ" አለ ባሪክ፤ እግር ብረቱንም ራሱ ፈታለት።

ጎህ ሲቀድ የናምጊዳ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ የቱባራን ሰዎች አንድ በአንድ ተቀበለ። እማማ ሲሶይ ከውሃው ስትወጣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ "አያ ኢዲባል፣ ውሃው ደግሞ እንዳንተ ነው የሚሸተው" አለችው። ከዚያ በኋላ የተበላው አይነሣ። ጋውዳ ዓሣ በዝቶበት ታመመ። ባሪክ ኢዲባል ፊት ለፊት ተቀምጦ እያንዳንዱን ጉርሻ በዓይኑ ሸኘ፤ የመጨረሻው ሲወርድ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

አገረ ገዢው ከፋሲካ በኋላ መጣና ኢዲባልን የእብነ በረድ ድንጋይ ወደሚፈለጥበት ተራራ ሰደደው። ስለዚያ ቦታ ብዙ አልልም፤ እሱም ብዙ አያወራም። ድንጋይ ፈለጠ፣ አቧራ ጠጣ፣ አንድ እግሩ ተሰብሮ ጠማማ ሆኖ ገጠመ። አብረውት ለሚፈልጡት የሚያወራው ግን ያንኑ የድሮውን ወሬ ነበር፤ ቀልዱንም አልተወም። አንድ ክረምት ብርቱ ትኩሳት ይዞት ሲነሣ የቀን ቁጥር ጠፋበት። ከዚያ ወዲያ ረቡዕን በግምት ይጾማል፤ ከጓደኞቹ ጋር ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ አይ ሐሙስ ነው እያሉ ይከራከራሉ። ሌሊት የሚያነቃው ግን እግሩ አልነበረም። የዘራሁት በቅሎ ይሆን ወይስ ወፍ ለቅሞት? ያቺ አንዲት ጥያቄ ነበረች።

አዲስ ቄሣር ነገሠና ከተራራው ብዙ ሰው ተለቀቀ። ኢዲባል በዱላ እያነከሰ ቁልቁል ወረደ። የታሰረበት ከተማ ሲደርስ ሽታው ከላዩ ጠፍቷል፣ ጠጉሩ ነጥቷል፤ በገበያው መሐል ሲያልፍ አንድም ሰው ዞር ብሎ አላየውም። ርቦት ዓይኑ ጨልሞ ነበር። ወደ ቱባራ ለመውጣት አቅም ስለሌለው የሚያውቀውን በር አንኳኳ። ባሪክ ከፈተ፤ አርጅቷል፣ ከስቷልም። አላወቀውም።

"መንገደኛ ነኝ" አለ ኢዲባል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለው፣ ሊፈትነው ፈልጎ ነው።

"ግባ አባቴ፣ ግባ።" ናምጊዳ ትኩስ የገብስ ገንፎ በማባያ አቀረበችለት። ሽታው አፍንጫው ውስጥ ሲገባ ኢዲባል ወደ ሳህኑ ቀረበ። አንድ ጉርሻ ጠቀለለ። አፉ ጋ ሲያደርስ ባልና ሚስቱ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው አያቸው።

"እናንተስ? አትበሉም እንዴ?"

"አንተ ብላ፣ እንግዳ ነህ" አለ ባሪክ። "እኛ ዘጠኝ ሰዓት እንጠብቃለን። ዛሬ ረቡዕ ነው። እማማ ሲሶይ ነፍሷን ይማርና፣ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም ነበር፤ ቱባራ ድረስ እየጠራች አስተምራናለች።"

ኢዲባል የጠቀለላትን ጉርሻ ቀስ አድርጎ ሳህኑ ላይ መለሳት። ሳህኑንም ወደ ባሪክ ገፋ አደረገው።

ባሪክ ሳህኑን አየ፤ የገፋውን እጅ አየ። ከዚያ የሽማግሌው ትከሻ መነቅነቅ ሲጀምር አፉ ተከፍቶ ቀረ።

"ናምጊዳ" አለ፤ ያ ትልቅ ድምፁ ሾልኮ ጠፍቶ፣ "ይሄ ሰውዬ ዛሬም አልበላም አለ።"