ወንዝ ውስጥ የሚከት ካርታ

ዴልበርት ኩምስ ሃያ ሁለት ዓመት የጭነት መኪና ሲነዳ መንገድ ጠፋኝ ብሎ ሰው ጠይቆ አያውቅም። ኢሊኖይ ውስጥ በዝርፊያ ከታሰረ ደግሞ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። በስተርጅና ኮሌጅ እስር ቤቱ ድረስ መጣለትና ተማሪ ሆነ። ሊመረቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የሰማንያ ስምንት ዓመት እናቱ ለምረቃው ባርኔጣ ገዝታ ተቀመጠች።

የቀረው ትምህርት ጂኦግራፊ ነበር። ካርታ ለእስረኛ ክልክል ስለሆነ ጠባቂዎቹ የመማሪያ መጽሐፉን በመቀስ ወንፊት አድርገው ነው የሰጡት። መምህርቷ «የትውልድ አካባቢያችሁን አስረዱ» የሚል የቤት ሥራ ስትሰጥ ዴልበርት መጻፉ ሰለቸውና ሳለው። መንገዱን፣ ወንዙን፣ ድልድዩን፣ ነዳጅ ማደያውን ሳይቀር።

ሥዕሉ በፍተሻ ተያዘበትና «የማምለጫ ካርታ ይዘሃል» ተብሎ ተከሰሰ። ጥፋተኛ ከተባለ ከኮሌጁ ይባረራል። የእናቱ ባርኔጣ ትዝ ሲለው ሆድ ባሰው።

ክሱን ለማየት የተሰየሙት የእስር ቤቱ መቶ አለቃ ስታብስ የዚያው አካባቢ ሰው ናቸው። ወረቀቱን አይተው ሳቃቸው መጣ።

«ኩምስ፣ በዚህ ያመለጠ ሰው ወንዝ ውስጥ ነው የሚገባው። የኬለር ድልድይ ከፈረሰ ዘጠኝ ዓመቱ።»

ዝም አይነቅዝም፤ አፉን ቢይዝ በነፃ ይሄድ ነበር። ዴልበርት ግን ዘራፊ ቢሉት ግድ የለውም፣ ተብሎም ያውቃል። መንገድ አታውቅም መባልን አይችልም።

«አልፈረሰም፣ አለቃ። እናቴ በየወሩ ስትጠይቀኝ በሱ መጣሁ ነው የምትለኝ።»

«ሲፈርስ ቆሜ አይቻለሁ እኮ፣ ሰውዬ!»

«ታዲያ በየት ነው የምትመጣው?» አለ ዴልበርት። በጣቱ ወረቀቱ ላይ ሌላ መንገድ ፈለገ።

መቶ አለቃው አዘኑለትና እስክሪብቶ አወጡ። «ይኸውልህ፣ የእህል ጎተራው ጋ ትታጠፋለህ፤ አራት ማይል እንደሄድክ አዲሱ ድልድይ እዚህ ነው። ይሄ ማደያም አሁን ጥርስ ሐኪም ሆኗል።» ሠረዙ፣ ሳሉ፣ ጻፉበት።

አጠገባቸው ቃሉን ሲጽፍ የነበረው መዝጋቢ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ ቅጹ ካርታውን ማን ሳለው ይላል። ምን ብዬ ልሙላ?»

መቶ አለቃው እስክሪብቷቸውን ቀስ ብለው ከደኑ።

«የቤት ሥራ ነው በል።»

መምህርቷ ከመቶ ዘጠና ስምንት ሰጠችው። ሁለቱን የቀነሰችው «ጥርስ ሐኪም» የሚለው ፊደሉ ተሳስቶ ስለተጻፈ ነው፤ ዴልበርት እሱ የኔ ጽሑፍ አይደለም ብሎ እስከ ዛሬ ይከራከራል።

በምረቃው ቀን እናቱ ባርኔጣዋን ደፍታ መጣች።

«በየት መጣሽ፣ እማ?»

«በኬለር ድልድይ ነዋ፣ ልጄ። እንደተውከው ነው።»

ዴልበርት ባርኔጣዋን አቃናላት። ስለ መንገድ ሳይከራከር የቀረው ያን ቀን ብቻ ነው።