ድመቷ ዘንድሮ አልወለደችም

ቡራዩ አንድ ወፍጮ ቤት በር ላይ የምትቀመጠው ዘበኛ ሴትዮ፣ ክረምት ከበጋ የወንድ ካፖርት ነው የምትለብሰው። በኪሷ የእንስሳት ሐኪም ለድመቷ ያዘዘላት የእርግዝና መከላከያ ክኒን አይጠፋም። ባለወፍጮው ኦቦ ቶሌራ «ይቺ ድመት ደግማ ከወለደች በጆንያ አስሬ ገፈርሳ ማዶ ነው የምጥላት» ካሉ ወዲህ፣ ሐኪሙ በቆረጠላት ቀን፣ በየረቡዑ፣ ክኒኑን በቅቤ ጠቅልላ ታጎርሳታለች። ጣቷን ልትልስ ትልና ጾም መሆኑ ትዝ ሲላት ደንግጣ በካፖርቷ ትጠርገዋለች። ካፖርቱ ቅቤ ቅቤ ይሸታል።

ዛሬ ኦቦ ቶሌራ ዱቄት የለበሰችውን ድመት አንስተው ሆዷን ዳበሷት።

«ምነው፣ መከነች እንዴ?»

«ኧረ ምን በወጣት! ሐኪም አላት። ቢላ ሳይነካት፣ በክኒን ብቻ!»

ኦቦ ቶሌራ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ሃ ጂራቱ! በቃ፣ ትኑር!»

ሴትዮዋ ድመቷን ተቀብላ እጉያዋ ከተተቻት። «ታድለሽ! እኔን እንዲህ የሚያጎርሰኝ ባገኝ ኖሮ፣ ስምንት እወልድ ነበር?» አለችና እልልታዋን አቀለጠችው። ወፍጮ ተራ የያዙት ሴቶችም ምክንያቱን ሳይጠይቁ ተቀበሏት።