አሥራ ስምንት የጣሳ ሻማዎች

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ማህሌት ከጓደኛዋ ጋር መጥታ ወጥ ቤቴን ወረረችው። ምድጃው ላይ ውሃ የሞላ ድስት ተጥዷል፤ ድስቱ ውስጥ ሌላ ትንሽ ድስት ተቀምጧል፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ያሉኝ የሻይ ብርጭቆዎች በሙሉ እንደ ተማሪ ተሰልፈዋል። ሻማ ሠርተው ሊሸጡ ነው አሉ። ከአዲስ አበባ ያስመጡት ነጭ ሰም በአንድ ፌስታል፣ ውፍረታቸው የተለያየ ክሮች በሌላ ፌስታል ናቸው። ማህሌት አንዴ ስልኳን፣ አንዴ ክሮቹን እያየች ስትቸገር ቆየችና፣

«እማማ፣ አንቺ ብትሆኚ የትኛውን ክር ትመርጫለሽ?» አለችኝ። እንዲያው ልታጫውተኝ ብላ እንጂ መልስ ጠብቃ አልነበረም።

«መጀመሪያ ሰሙን አምጪው» አልኳት።

ከሰሙ ቆንጥሬ በጣቶቼ መሀል አሸሁት። ወዲያው ለዘበ። «ይኼ ለስላሳ ነው፤ ቶሎ ይቀልጣል። ወፍራም ክር ከሰጠሽው ብርጭቆው በሙሉ ዘይት ይሆንብሻል። ከመካከለኛው ጀምሪ» አልኳት። ሁለቱም ሥራቸውን ትተው አፈጠጡብኝ። የቴሌቪዥን ጣቢያ መቀየር የሚያቅታት አሮጊት ስለ ሰም ይህን ያህል ታውቃለች ብለው አልጠበቁም።

እኔም ይህን ያወቅኩት ሻማ መሥራት ፈልጌ አይደለም። የፈለግኩት ተዋናይ መሆን ነበር።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። አባቴ የባቡር ጋራዥ መካኒክ ነበር፤ የምንኖረውም ድሬዳዋ ከዚራ፣ ዛፎቹ ከመንገዱ በላይ ተቃቅፈው እኩለ ቀንን ሳይቀር ማታ በሚያስመስሉበት ሰፈር። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ሰዓዳ ትባላለች። አንድ ዓመት እንኳ አንበላለጥም። በፋሲካ የእኛን ድፎ ዳቦ እሷ፣ በኢድ የእነሱን ሐልዋ እኔ እንጨርስ ነበር። አማርኛውን ጀምረን በኦሮምኛ እንቀጥልና በሶማሊኛ ስንስቅ፣ እናቴ «የእናንተን ወሬ ለመስማት ሦስት ሰው መቅጠር አለብኝ» ትል ነበር።

የሰፈሩ ወጣቶች የድራማ ክበብ ነበረን። የሚመሩን መምህር ታዬ የሚባሉ፣ ቀጭን፣ በግንቦት ሙቀት እንኳ ኮታቸውን የማያወልቁ ሰው ነበሩ። በዚያ ዓመት አንድ ድራማ ጻፉ፤ ስለ አንድ ባላባትና ስለ አንዲት ልጁ። በድራማው ውስጥ ያለችው ሴት ልጅቷ ብቻ ነች። ለዚያች ቦታ የተፈተንነው እኔና ሰዓዳ ነን።

«ውቢት፣ አነባበብሽ ጥሩ ነው» አሉኝ መምህር ታዬ። «ነገር ግን ድምፅሽ ከሁለተኛው ወንበር አያልፍም።»

ቦታው ለሰዓዳ ሆነ። ጉንጯን ስሜ እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት። የዚያን ቀን ከሰዓት የበላሁት ማንጎ ግን እንዴት እንደጎመዘዘኝ ዛሬም አልረሳውም፤ ማንጎው ምንም አልነበረበትም።

ለእኔ የተሰጠኝ መብራቱ ነበር። የአዳራሹ አምፖሎች ሁለት ብቻ ሲሆኑ አንደኛው እንደፈለገው ይበራል፣ እንደፈለገው ይጠፋል። መምህር ታዬ በመድረኩ ጠርዝ ላይ እንደ ድሮ ባላባት ቤት መደዳውን ሻማ እንዲበራ ፈለጉ። መጀመሪያ ረጃጅም ሻማ ገዝተን ደረደርን። ጠዋት ያቆምናቸውን ሻማዎች በምሳ ሰዓት ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ወገባቸው ተቆልምሞ አገኘናቸው። የድሬዳዋን ግንቦት ቆሞ የሚውል ሻማ የለም። ስለዚህ ሰሙን የሚይዝለት ነገር ያስፈልጋል ተባለ፤ ባዶ የወተት ጣሳ መሰብሰብ ጀመርኩ።

አባቴ ብዙ አይናገርም። ጣሳዎቹን አገላብጦ አየ፤ የቆርቆሮ መቀሱን አመጣና የእያንዳንዱን ጣሳ ፊት ዝቅ፣ ጀርባውን ከፍ አድርጎ ቆረጠ። «ጀርባው ለተመልካች፣ ፊቱ ለመድረክ። ነበልባሉ ሰው ዓይን ውስጥ አይገባም፤ ብርሃኑም ተመልሶ ተዋናዩ ላይ ያርፋል» አለኝ። አሥራ ስምንት ቆረጠልኝ። ጠርዛቸው እጄን እንዳይቆርጠኝ ሁሉንም በሞረድ አለሰለሳቸው።

ጣሳው እንዲህ ተገኘ። ሰሙና ክሩ ግን ሦስት ሳምንት ፈጀብን። «ፈጀብን» ማለቴ ሰዓዳ ከልምምድ በኋላ በየቀኑ እኛ ግቢ ስለምትመጣ ነው። እሷ ክር እየጎነጎነች ቃሏን ታጠናለች፤ እኔ ጽሑፉን ጭኔ ላይ ዘርግቼ አርማታለሁ። የእሷን ቦታ ከእሷ በፊት በቃሌ ይዤው ነበር።

መጀመሪያ የሱቅ ሻማ አቅልጠን ጣሳ ውስጥ ገለበጥን። በዚያ ሙቀት ላይ እሳት ሲጨመርበት ጣሳው ሙሉ ቀልጦ ክሩ ተኛና ጠፋ። አባቴ ይህን አይቶ የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ በሚስማር በስቶ ሰጠን። ክሩን በቀዳዳው አሳልፈን፣ ከሥር ቋጥረን፣ ቆርኪውን ጣሳው ወለል ላይ ስናጣብቀው ክሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቀጥሎ ክሩን መፈተን ጀመርን። የልብስ ስፌት ክር ገና ሳይነድ ሰጠመ። የወንድሜ የጫማ ማሰሪያ ናይሎን ኖሮበት እየተንጣጣ ጥቁር ጭስ ተፋ፤ እናቴ ያሰጣችው አንሶላ ላይ ጥቀርሻ አረፈና ሁለታችንንም አንድ ላይ ተቆጣችን። በመጨረሻ የተስማማን በእጅ የተፈተለ ጥጥ ነው። እሱም ቢሆን ሦስቱን ብትጎነጉነው አንድ ጠባይ፣ ስድስቱን ብትጎነጉነው ሌላ ጠባይ አለው።

ሞራም ሞከርን። ሞራ ለስላሳ ነው፤ በሦስት ፈትል ደህና አድርጎ ይነዳል። ሽታው ግን ሰዓዳን አፍንጫዋን አስይዞ ከግቢ አስወጣት። ያን ጊዜ ነው ከቢዮ አዋሌ ገጠር የምትመጣ ማር ሻጭ ያገኘነው። በገበያ ቀን ብቻ ትመጣለች፤ ከማሩ የተረፈውን ሰም አድበልብላ በጨርቅ ትይዛለች። ሰዓዳ በኦሮምኛ አዋራቻት።

«ጋጋውን ለምን ፈለጋችሁት? ለቤተ ክርስቲያን ነው ወይ?» አለች ሴትዮዋ፤ ጋጋ የምትለው ሰሙን ነው።

«ለድራማ ነው» አልናት።

ሴትዮዋ ድራማ ምን እንደሆነ ተነገራት። «ዘፈን አለው?» ብላ ጠየቀች። የለውም ስንላት አዘነችልንና አንድ ድብልብል መረቀችልን።

ያን ሰም አቅልጠን በሻሽ ስናጠልለው ግቢው ማር ማር አለ። ጠንካራ ሰም ነው፤ የድሬዳዋ ፀሐይ አያንበረክከውም። በሦስት ፈትል ስንለኩሰው ግን ነበልባሉ መሀሉን እንደ ጉድጓድ እየቆፈረ ወረደና በራሱ ሰም ሰጠመ። ስድስት ስናደርገው የሰሙ ፊት እስከ ጣሳው ዳር ድረስ እኩል ቀለጠ፤ ነበልባሉም ጭስ ሳይኖረው ቀጥ ብሎ ቆመ። ሦስቱን ገቢር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተለማመድን፤ ሻማው አንድም ጊዜ አልጠፋም። ሰዓዳና እኔ እየተያየን እልል አልን። ማህሌትን ሰሙን አምጪው ያልኳት ለዚህ ነው፤ ክር ለብቻው ቀጭንም ወፍራምም አይባልም።

ችግሩ ሰሙ የበቃው ለአሥራ ሁለት ጣሳ ብቻ መሆኑ ነው። ትርኢቱ እሑድ ነው፤ የሚቀጥለው ገበያ ከዚያ በኋላ ነው። ቅዳሜ ዕለት ሰዓዳ ለመጨረሻ ልምምድ ስትሄድ ብቻዬን ቀረሁ። ለስድስቱ ጣሳ የተረፈችኝን ትንሽ ሰም ከሞራ ጋር ደባለቅኩና ሽታውን እንዲሸፍንልኝ ቅርንፉድ ጨመርኩበት። ይህ ችግር የወለደው መላ ነው፤ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ቀጥሎ ያደረግኩት ነው። እሑድ ጠዋት ሻማዎቹን ስደረድር ስድስቱን የሞራ ጣሳዎች በስተቀኝ አደረግኳቸው። ሰዓዳ በመጨረሻው ገቢር ተንበርክካ የምታለቅሰው በስተቀኝ ነው። አውቃለሁ። ጽሑፉን በቃሌ ይዤዋለሁ።

ትርኢቱ የጀመረው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፍነዋል፤ ነበልባሉን እንዳያጠፋው ማራገቢያው ቆሟል፤ ሕዝቡ በጋዜጣና በባርኔጣ ራሱን ያራግባል። ከኋላ የተቀመጡ እናቶች ብርቱካን እየላጡ ለልጆች ያድላሉ። አሥራ ስምንቱን ለኩሼ መጋረጃው ሲከፈት ከአዳራሹ «እ!» የሚል ድምፅ ወጣ። የመድረኩ ሰው ሁሉ ወርቅ የተቀባ መሰለ። ሁለት ገቢር በሰላም አለፈ።

በሦስተኛው ገቢር ባላባቱን የሚጫወተው ዳንኤል ለሞት ተቃርቦ ተጋድሟል። ሰዓዳ አጠገቡ ተንበርክካ ታለቅሳለች። በዚህ መሀል ከጎን በር አንዲት ቢጫ ድመት ገባች። ሰው አፍንጫ ላይ ቅርንፉዱ ሠርቶ ይሆናል፤ ድመት ግን አይሸወድም። ቀጥ ብላ መድረኩ ላይ ወጥታ ወደ ስድስቱ ጣሳዎች ሄደች። አንደኛውን አሽትታ ጢሟን ሲለበልባት ወደ ኋላ ዘለለችና እንደገና በእግሯ ትነካካው ጀመር። መጀመሪያ ልጆች ሳቁ፤ ቀጥሎ ሁሉም። ሰዓዳ ቃሏ ጠፋት። ጣሳው ደግሞ ወደ መጋረጃው ጥግ እየተንሸራተተ ነው።

መምህር ታዬ ከጎኔ ሆነው «ሂጂ!» አሉኝ በሹክሹክታ።

ነጠላዬን እንደለበስኩ ወጣሁ። ጣሳውን ወደ ቦታው መለስኩ፤ ድመቷን አነሳኋት። ከዚያ በኋላ ምን ይደረግ? ዝም ብዬ ይዣት ብወጣ ድራማው አበቃለት። ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። ዳንኤል ዓይኑን ጨፍኖ ሆዱ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። አፌን ከፈትኩና፣

«ጌታዬ፣ ድመቷም ልትሰናበትዎ መጥታለች» አልኩ።

ድምፄ የመጨረሻው ወንበር ደርሶ ሲመለስ ራሴ ሰማሁት። ሳቁ ቆመ። ሰዓዳ ቀና ብላ አየችኝ፤ አንድ አፍታ ብቻ።

«አምጪያት» አለች። «አባቴ ከእጁ ነበር የሚያጎርሳት።»

ይህን የሚል ቃል በጽሑፉ ውስጥ የለም። ከአጠገቧ ተንበረከክሁ። እሷ ካቆመችበት ቀጠለች፤ ማልቀሱንም ቀጠለች። ድመቷ ሞራው አምሯት ኖሮ ለማምለጥ ጥፍሯን ክንዴ ውስጥ ሰክታለች፤ ብለቃት ተመልሳ ጣሳው ላይ ልትወጣ ነው። ስለዚህ አልለቀቅኳትም፤ እንባዬ ግን በጉንጬ ይወርድ ጀመር። መጋረጃው ሲዘጋ ጭብጨባው አላቆም አለ። አንዲት ሴትዮ በኋላ አግኝታኝ «አንቺ ደግሞ አገልጋይ ሆነሽ እንዲያ ስታለቅሺ አንጀቴን በላሽው» አለችኝ። ክንዴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

መምህር ታዬ ወደ እኔ መጡ።

«ውቢት፣ ይህ ድምፅ በፈተናው ቀን የት ነበር?»

ይህን ጥያቄ ስንት ሌሊት ሳልመው የኖርኩት ነው። ያወጣሁት ቃል ግን «መምህር፣ ስድስቱ ላይ ሞራ ጨምሬያለሁ» የሚል ነበር። ጎንበስ ብለው አንዱን ጣሳ አሸተቱ። ከዚያም ከት ብለው ሳቁ፤ እስኪያልባቸው ሳቁና ኮታቸውን አወለቁ። ከክበቡ ያን ቀን ሸሚዛቸውን ያላየ አልነበረም።

ወደ ቤት ስንመለስ እኔና ሰዓዳ ሳምቡሳ ገዝተን በደረቀው ወንዝ አሸዋ ዳር ዳር ሄድን። ሙቀቱ በረድ ብሏል። ሳምቡሳው እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

«ሰዓዳ፣ ሞራዎቹን አንቺ ጋ ያደረግኳቸው አውቄ ነው።»

አላመጠች፤ ዋጠች። «አውቃለሁ» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«አቦ፣ አፍንጫ የለኝም እንዴ? መጋረጃው ሳይከፈት ነው የሸተተኝ። ግራው ማር ማር ይላል፤ ቀኙ የበግ በረት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ዋላሂ፣ መጀመሪያ ጣሳውን አንስቼ ልደፋብሽ ነበር። በኋላ ግን አሰብኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጽሑፉን ይዘሽ ስታርሚኝ አንድ ቃል እንኳ አሳስተሽ አልነገርሽኝም። ልታዋርጂኝ ብትፈልጊ በዚያ ይቀልሽ ነበር።» ወደ እጄ ተመለከተችና፣ «ሳምቡሳውን ካልበላሽው ስጪኝ» አለች።

ሰጠኋት። ይቅርታ የጠየቅኩት በዚህ ነው፤ ሌላ ቃል አልጨመርኩም፤ እሷም አልፈለገችም።

ከዚያ በኋላ በሁለት ድራማ ተውኛለሁ። ቀጥሎ አስተማሪ ሆንኩ፤ ድምፄ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እስከ መጨረሻው ዴስክ ሲደርስ ኖረ። ስለዚያ እሑድ ሰው ሲጠይቀኝ ስለ ድመቷ ብቻ ነበር የማወራው። ሰው ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ጣሳዎቹን በየት በኩል እንደደረደርኳቸው ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለባለቤቴ እንኳ።

ቅዳሜ ለእነ ማህሌት የሰሙንና የክሩን ነገር ነገርኳቸው። ሌላውን ግን፣ ትኩስ ሰም ይዘው እየተሻሙ ለነበሩ ልጆች እንዴት ብዬ ልንገራቸው? በወጣትነት ጓደኛ የሚመረጠው አብሮ በመሳቅ ነው፤ ክፋትህን ቆጥሮ ደግነትህንም አብሮ የሚቆጥርልህ ሰው እንዳገኘህ የምታውቀው ከዘገየ በኋላ ነው። እኔ ሌላ ሰው በበደለኝ ጊዜ የሰዓዳን ያህል ለማሰብ ሞክሬያለሁ። ሁልጊዜ አልሆነልኝም።

ሰዓዳ ዛሬም እዚሁ ድሬዳዋ ነች። ይህን ልጽፈው ነው ብዬ ትናንት ቤቷ ሄጄ አስፈቀድኳት። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ ተቀመጠችና፣ «ጻፊው፤ ግን አንድ ነገር ጨምሪበት» አለች። «ጥሩ መተወኔን ጻፊ። ሰው ሁሉ ድመቷን ነው የሚያወራው። አንቺም አንድ ቀን እንኳ ነግረሽኝ አታውቂም።»

እውነቷን ነው፤ ነግሬያት አላውቅም። እንግዲህ ልጻፈው፤ የዚያን ቀን የእኔን እንባ ያመጣው የድመት ጥፍር ነው። የሰዓዳን እንባ ያመጣው ምንም አልነበረም፤ ራሷ ነች። ከሁላችንም በላይ ተውናለች። እኔ በዚያ ቦታ ብሆን እንደ እሷ አላደርገውም ነበር።