ሷሊህ እና ሦስተኛው ስሪት

ሷሊህ ይማም መካነ ሰላም ላይ መልእክት በመቀበል ሃያ አንድ ዓመት ሠርቷል። የጀመረው በ1985 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ደራሽ የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር ከከተማው ዳር የእህል መጋዘን ከፍቶ ነበር፤ ሷሊህም የሬዲዮ ኦፕሬተር ሆኖ ተቀጠረ። ሬዲዮው በመኪና ባትሪ ይሠራል። ጠዋትና ማታ ደሴን እየጠራ ስንት ኩንታል እንደ ቀረ፣ የትኛው መኪና እንደ ተበላሸ፣ ማን እንደ ታመመ ይናገራል። ደሴ የሰማውን ቃል በቃል ይደግማል፤ ከተስማማ ሷሊህ «ደርሷል» ይላል። ይህ ካልተባለ መልእክቱ እንዳልተላከ ይቆጠር ነበር።

በ1997 መጋዘኑ ተዘጋ። እህል የሚጠብቀው ሰው ቀንሶ ዐረብ አገር ልጅ ያለው ሰው በዝቶ ነበርና ማኅበሩ ሥራውን ለወጠ። ሳውዲና ኩዌት ካሉ ተወካዮቹ የሚመጣውን ወሬ አዲስ አበባ ላይ እየሰበሰበ ለመካነ ሰላም፣ ለከላላ፣ ለአጅባርና ለኩታበር ቅርንጫፎች ያከፋፍል ጀመር። ሞባይል ከመጣ በኋላም ሥራው አልቀረም፤ ኔትወርክ የማይደርስበት ቀበሌ ብዙ ነበር፣ አሠሪዎቻቸው ስልክ የሚቀሟቸው ልጆችም ብዙ ነበሩ።

ለዚህ ሥራ በአዲስ አበባውና በቅርንጫፎቹ ኮምፒውተሮች መካከል ሆኖ መልእክት የሚያቀባብል ፕሮግራም ተገዛ። ሠራተኞቹ «አቀባዩ» ይሉታል።

የመጀመሪያው ስሪት መስመር ሲኖር ይልካል፣ መስመር ሲጠፋ የላከውን ይረሳል። በ1998 ክረምት መብራት ለአሥራ አንድ ቀን ጠፍቶ ሲመለስ የአሥራ አንዱ ቀን መልእክት የት እንደ ገባ የሚያውቅ አልነበረም። ሷሊህ ደሴ ድረስ ሄዶ፣ ከአዲስ አበባ በስልክ አንድ በአንድ እያስነገረ፣ ሁሉንም በእጁ ጽፎ አመጣው።

ሁለተኛው ስሪት በ1999 መጣ። ይህኛው መልእክቶቹን እንደ ወፍጮ ቤት ወረፋ በተራ ያቆያል። መስመር ቢጠፋ ይጠብቃል፤ ኮምፒውተሩ ቢዘጋም ይጠብቃል። አዲስ መልእክት ስክሪኑ ላይ ቢጫ ሆኖ ይታያል፤ ኦፕሬተሩ «ደርሷል» የሚለውን ሲጫን ነጭ ይሆንና ከወረፋው ይወጣል። ካልተጫነው አይወጣም፤ ወርም ዓመትም ይቆያል።

ሷሊህ ይህን ስሪት የወደደበትን ምክንያት ለአለቆቹ ተናግሮ አያውቅም። በዚያ አገር ሞት የሰማ ሰው ሮጦ አይናገርም። መጀመሪያ የቅርብ ዘመድ በምስጢር ይነገረዋል፤ ልጅ ወንድም ካለበት ይጠራል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል። ከዚያ ጎሕ ሲቀድ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ የሚከበር ሰው ያረዳዋል። ብቻውን የተረዳ ሰው ቤተሰብ እንደሌለው ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ የሞት መልእክት ሲመጣ ሷሊህ ያነበዋል፤ «ደርሷል»ን ግን አይጫንም። መልእክት ደረሰ የሚባለው ለባለቤቱ ሲደርስ ነው ብሎ ያምን ነበር። በሰባት ዓመት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ መርዶ እንዲህ ቢጫ አድርጎ አቆየ፤ አንዱን ለአሥራ ሦስት ቀን። አሥራ ዘጠኙም ቤተሰብ በወጉ ተረዳ።

በመስከረም 2006 የቅርንጫፍ ሠራተኞች ስለ ሦስተኛው ስሪት ሊሠለጥኑ ደሴ ተጠሩ። አሠልጣኙ አዩብ የሚባል የዋናው መሥሪያ ቤት ወጣት ነበር።

«ሁለተኛው ቨርዥን ያረጀ በቅሎ ነው» አለ አዩብ። «አንዴ ከቆመ ቆመ ነው።»

«በቅሎ የሚቆመው ገደል ሲያይ ነው» አለ ሷሊህ።

አዳራሹ ሳቀ፤ አዩብም አብሮ ሳቀና ቀጠለ። «ከእንግዲህ መልእክት አንድ ቦታ ተኝቶ አይከርምም። ቅርንጫፉ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ‹ደርሷል› ካላለ አቀባዩ ያ ቅርንጫፍ ወድቋል ብሎ መልእክቱን በአቅራቢያው ላለው ይልከዋል። እዚያ በራሱ ይታተማል፣ ይታሸጋል፣ ለባለቤቱ ይሰጣል። የዚያ ቅርንጫፍ ሠራተኛ የሌላ ቅርንጫፍ መልእክት አያነብም።»

«ማንበብ የማይችል ሰውስ?»

«የሚያነብለት አያጣም፣ ጋሼ።»

ሷሊህ ደብተሩ ላይ «ቅርንጫፍ ከወደቀ ወደ ሌላ ይሄዳል» ብሎ ጻፈ። ለእሱ የወደቀ ቅርንጫፍ ማለት መብራት የሌለው ወይም ማሽኑ የተቃጠለ ነው። የእሱ መብራት አለው፤ ማሽኑም ይሠራል፤ እሱም ጠዋት ጠዋት ፊቱ ይቀመጣል። ዝም ማለት እንደ መውደቅ ይቆጠራል ብሎ አላሰበም።

በዚያው ዓመት ኅዳር ውስጥ፣ ሦስተኛው ስሪት ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ አንድ ረቡዕ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ግድም፣ አጭር መልእክት መጣ። ባሲማ ሰይድ፣ ሃያ ሦስት ዓመቷ፣ ጂዳ ላይ በሕመም አርፋለች፤ እዚያው ተቀብራለች።

ሷሊህ ባሲማን አይቷት አያውቅም፤ እናቷን ኑርጃንን ግን በደንብ ያውቃቸዋል። ኑርጃን ባላቸው የሞተባቸው፣ ስድሳ ዓመት የሞላቸው ገበሬ ናቸው፤ ቤታቸው ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። አራት ዓመት ሙሉ የልጃቸውን መልእክት ያነበበላቸው ሷሊህ ነው። ወረቀቱን አንዴ ካነበበላቸው በኋላ «እስቲ ያቺን ስትስቅ ያለችውን ድገምልኝ» ይሉታል፤ ባሲማ ስትስቅ የጻፈችው የቱን እንደ ሆነ እሱ ሳያውቅ እሳቸው ያውቁት ነበር።

ከሰዓት በኋላ በእግሩ ወጥቶ የኑርጃንን ታላቅ ወንድም አበጋዝን እማሳቸው ላይ አገኛቸውና ነገራቸው። አበጋዝ ማጭዳቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ሃሩን አጅባር ከብት ሊሸጥ ሄዷል» አሉ። ሃሩን የኑርጃን ወንድ ልጅ ነው። «ያለ ልጇ አይነገራትም። ሰው እልክበታለሁ፣ ዓርብ ማታ ይደርሳል። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ እናረዳታለን። እስከዚያ አፍነህ ያዝ።»

«ከእኔ አይወጣም።»

«እሷ ብቻዋን እንዳትሰማ፣ ሷሊህ። አደራ።»

«ወላሂ አይወጣም።»

በማግስቱ ሐሙስ ሷሊህ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ኮምፒውተሩን ሲያይ ቢጫው የለም። እጁ ተሳስቶ የተጫነው መስሎት መዝገቡን ከፈተ። «መካነ ሰላም ወድቋል። ወደ ከላላ ተዛውሯል። ከላላ ደርሷል» ይላል። ከጻፈው አንድ ሩብ ሰዓት አልፎታል። ከላላ ደወለ፤ ስልኩ ከስንት ሙከራ በኋላ፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ገባ። ያነሣችው ሱሀይላ ናት፤ በዚያ ቅርንጫፍ ከተቀጠረች ሁለት ወሯ ነው።

«ሱሀይላ፣ የኔ መልእክት አንቺ ጋ መጥቷል። እንዳትሰጪ።»

«የእማማ ኑርጃንን ነው ጋሽ ሷሊህ? ሰጠሁት እኮ! ዘበኛው ያውቃቸዋል፣ ገብስ ሊሸጡ ገበያ መጥተው ሮጦ ጠራልኝ።» ድምፅዋ ምስጋና የሚጠብቅ ነበር።

«አነበብሽላቸው?»

«እንዴ! ክልክል አይደል? አንብቢልኝ ብለው ለምነውኝ ነበር፣ አይፈቀድም አልኳቸው። ምነው?»

ሷሊህ ስልኩን ዘጋ።

ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ አግኝቶ ከላላ ሲደርስ ገበያው መበተን ጀምሯል። ኑርጃን ከእህል ተራው ዳር ከአህያቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። የገብሱ ጆንያ አልተፈታም። ወረቀቱ ጉልበታቸው ላይ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እትዬ ኑርጃን።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። አንተ ደግሞ ምን አመጣህ?»

«ለሥራ መጥቼ ነው።»

«ለሥራ» አሉና ወረቀቱን አነሡት። «እኔም ሥራ ፈትቼ ስዞር ዋልኩ። ባለ ሱቁን አንብብልኝ ብለው ከፈተው፣ አጠፈው፣ መነጽሬ ቤት ቀርቷል አለኝ። መነጽር አድርጎ አይቼው አላውቅም። አንዲት ተማሪ አገኘሁ፤ እንግሊዝኛ ነው አለችኝ። ልብስ ሰፊው ቀለሙ ለቋል አለ። አስተማሪው ደግሞ፣ ያ የተማረው ሰውዬ፣ እማማ እኔ ማንበብ አልችልም ብሎኝ ፊቱን ወዲያ አዞረ።»

ሷሊህ ገባው። አራቱም እንደሱ ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ መርዶ በገበያ መካከል፣ ብቻዋን ላለች ሴት፣ ከአፋቸው እንዲወጣ አልፈለጉም።

«አንተም አትችልም?»

«እችላለሁ» አለ። «እዚህ ግን አይደለም።»

ኑርጃን ፊቱን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ወረቀቱን በሻሻቸው ጫፍ ቋጠሩት።

«እንግዲያው ገብሱን ጫንልኝ» አሉ።

እስከ ቤታቸው ሦስት ሰዓት ተኩል ሄዱ። ስለ ውርጩ አወሩ፤ ጆንያው ወደ አንድ ወገን ስለማጋደሉ አወሩ። አቀበቱ ላይ ኑርጃን አንድ ጊዜ ቆሙና፣ «ሃሩን ያውቃል?» አሉ።

«እየመጣ ነው።»

ሌላ አልጠየቁም።

ሲደርሱ አበጋዝ ደጃፉ ላይ ነበሩ። ሁለቱን አብረው ሲያዩ ነገሩ ገባቸውና ከመቀመጫቸው ተነሡ። ኑርጃን ወንድማቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ እጃቸውን ዘረጉ።

«እንዳትናገር» አሉ። «ሰው ሰብስብ። ልጄ ይድረስ። ቤቱ ሲሞላ፣ ጎሕ ሲቀድ ንገሩኝ። እስከዚያ እኔ ምንም አልሰማሁም።»

ዓርብን ደጃፋቸው ላይ ገብስ ሲያበጥሩ ዋሉ። ጎረቤቶቻቸው እየመጡ ስለ ሌላ ስለ ሌላው አወሯቸው፤ እሳቸውም መለሱላቸው። ሃሩን ማታ ደረሰ፤ እናቱ ከብቱ ስንት እንደ ተሸጠ ጠየቁት። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ቤቱ ሞላ። አበጋዝ «ኢና ሊላሂ» ብለው ጀመሩ። ሷሊህ ከበሩ ውጭ ቆሞ የኑርጃንን ጩኸት ሰማ፤ አሁን ገና የሰሙ ይመስሉ ነበር።

ከቀትር በፊት ሃሩን ወጥቶ አጠገቡ ቆመ።

«ገበያ ላይ የላክህባት አንተ ነህ?»

«ማሽኑ ነው።»

«ማሽኑ ፊት የሚቀመጠው ማነው?»

ሷሊህ «እኔ ነኝ» አለ።

በሳምንቱ አዲስ አበባ ደውሎ አዩብን አገኘው። የሆነውንም ሁሉ ነገረው።

«ይህማ ቅንብር ነው፣ ጋሼ። ሃያ አራቱን ሰባ ሁለት ማድረግ ይቻል ነበር፤ ፕሮግራሙ ውስጥ አንድ የጽሑፍ መስመር መለወጥ ነው። ሥልጠናው ላይ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ?»

«መልእክት ሆን ብለው እንደሚያቆዩ። እኛ ብልሽት መስሎን! የሃያ አራት ሰዓቱ ነገር የተጨመረው እኮ በእርስዎ ቅርንጫፍ ምክንያት ነው። የሁለተኛው ቨርዥን መዝገብ መካነ ሰላም አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተጣብቋል ይላል። አንዴ እንዲያውም አሥራ ሦስት ቀን።»

ሷሊህ ወንበሩ ላይ ተደገፈ። ሰባት ዓመት ለማንም ሳይናገር የሠራውን፣ ያዩት ሰዎች እንደ ጉድለት ቆጥረው አርመውታል። ቢናገር ኖሮ ሊከለክሉት ይችሉ ነበር፤ ዝም ስላለም ይህ ሆነ። አዩብ እየነገረው መስመሩን አግኝቶ ሰባ ሁለት አደረገው።

የለቅሶው ሰው ከተበተነ በኋላ ወደ ኑርጃን ሄደና ሁሉንም ነገራቸው። የአሥራ ዘጠኙንም፣ የደሴውንም፣ የመስመሩንም አልደበቀም። እሳቸው ዕንቅብ ይዘው ጥራጥሬ እየለቀሙ ሰሙት።

«ስለዚህ አሁን ስንት ሰዓት ይጠብቃል?»

«ሰባ ሁለት። ሦስት ቀን ነው።»

ኑርጃን በጣታቸው ቆጠሩ። «ሰው አጅባር ለመሄድ አንድ ቀን፤ ሃሩን ለመምጣት አንድ ቀን፤ ሰው ለመሰብሰብ አንድ ማታ» አሉ። «በበጋ ይበቃል።»

«ይበቃል፣ እትዬ።»

«በክረምትስ፣ ወንዙ ሲሞላ?»

ኑርጃን ዕንቅቡን አጠገባቸው አስቀምጠው መልሱን ይጠብቁ ጀመር።